ነውር ብቻውን ያላስጣለው ሲጋራ

በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሀደሮ ዋና መንገድ ላይ ሲጋራ እያጨሰ የሚሄድ የቤተሰብ ኃላፊ ማየት ብርቅ ነው። ለአካባቢው እንግዳ የሆነ ሰው ይህን አይቶ «እዚህስ አጫሽ የለም» ቢል አይፈረድበትም። ማምሻውን ከግሮሰሪው ጓሮ፣ ከጫት ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ወይም ከአልጋ ቤቱ በረንዳ ጥግ ብቅ ያለ ግን ሐሳቡን ይለውጣል። አጫሹ አለ፤ ያለው ግን ተደብቆ ነው። ሲጋራውን በፍሬ ይገዛል፣ በመዳፉ ከልሎ ያጨሳል፣ ማስቲካ ያኝካል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይገባል።

በከምባታና በሀዲያ ከተሞች ማጨስ ነውር ነው። ይህ ነውር ብዙ ወጣቶችን ከመጀመር አድኗል፤ ሊናቅ የማይገባው ትልቅ ሀብት ነው። አንዴ ለጀመረ ሰው ግን ነውሩ ሌላ ፊት አለው። ሚስቱ እንዳታውቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ እንዳይሰማ፣ የጤና ባለሙያው እንዳይታዘበው የሚጠነቀቅ ሰው «ላቆም ነው፣ እርዱኝ» ለማለት አፉ አይከፈትም። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው። እንዳይጀመር የሚከለክለው ማኅበረሰብ የጀመረው ሰው እንዲያቆም እንዴት ሊረዳ ይችላል?

ጥቂት አጫሾች፣ ቀላል ያልሆነ ሸክም

ኢትዮጵያ በዓለም ዝቅተኛ የአጫሾች ቁጥር ካላቸው አገሮች ተርታ ትሰለፋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል በማናቸውም መልክ ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው። ይህ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ማለት ነው። በመቶኛው ትንሽ ይመስላል፤ በሰው ሲቆጠር ግን ወደ 3.2 ሚሊዮን ይጠጋል። ጭሱ ደግሞ በአጫሹ ላይ ብቻ አይቆምም። በዚያው ጥናት መሠረት በቤት ውስጥ ሥራ ከሚሠሩ ሰዎች 29.3 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ቦታቸው የሌላ ሰው የሲጋራ ጭስ ይደርሳቸው ነበር።

ቁጥሩ ዝቅ እንዲል ካደረጉት ነገሮች ዋነኛው ሃይማኖት ነው። የኦርቶዶክስ ምእመናን ትምባሆን ሲጠየፉ የኖሩ ናቸው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመናቸው ትምባሆን ከልክለው፣ ቅጣቱ አካል እስከ ማጉደል ይደርስ እንደነበር የዘመኑ የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል። በከምባታና በሀዲያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው የወንጌላውያን እምነት ሲጋራንና መጠጥን ከምእመኑ ሕይወት ለይቶ አስወጥቷል። ዛሬ ቃለ ሕይወት፣ መካነ ኢየሱስና ሌሎች ቤተ እምነቶች በአካባቢው ሰፊ ተከታይ አላቸው። በብዙዎቹ አጥቢያዎች ሲያጨስ የተገኘ አባል ይመከራል፤ ካልተመለሰም ከኅብረት ይታገዳል። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድም ቢሆን ማጨስ የሚመሰገን ነገር አይደለም።

ይህ አጥር ጠንካራ ነው። ነገር ግን አጥር የሚሠራው ከውስጥ ላሉት ነው። ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ ረጅም መንገድ ሲነዳ፣ ግቢ ሲማር ወይም ስደት ላይ ሳለ ሲጋራ የለመደ ሰው ሲመለስ አጥሩ ከውጭ ይዘጋበታል። ያኔ ያለው ምርጫ ሁለት ይመስለዋል። አንደኛው መደበቅ ነው፤ ሁለተኛው ከማኅበሩ መራቅ ነው። ሁለቱም አያስቆሙትም።

ጋያና ሲጋራ

ስለ ማጨስ ሲነሳ የከተማ ሰው የሚታየው ሲጋራ ብቻ ነው። በደቡብና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠሮች ግን ከሲጋራ የቀደመ ጋያ አለ። ከቅልና ከሸክላ የሚሠራ፣ ውኃ የሚቋጥር የትምባሆ ማጨሻ ነው። ትምባሆው ከሱቅ ላይገዛ ይችላል፤ በእንሰቱ ጎን በጓሮ የሚተከልበት ቤት አለ። በአንዳንድ አካባቢዎች አረጋውያን ሴቶችም ጭምር ያጨሱታል። እንግዳ ሲመጣ የሚቀርብበት፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲጫወቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ጊዜም ነበር።

በጋያ ዙሪያ አንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ። «ውኃው መርዙን ያስቀረዋል» ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም። ኒኮቲኑም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝም፣ ካንሰር የሚያመጡት ኬሚካሎችም ውኃውን አልፈው ሳንባ ይገባሉ። እንዲያውም ጭሱ ስለሚለዝብ አጫሹ በረጅሙ እንዲስብ ያደርገዋል። ከተማ ውስጥ በሺሻ የሚታለሉ ወጣቶችም የሚወድቁት እዚሁ ስህተት ላይ ነው።

ስለዚህ በሀደሮ «ማጨስ አቁሙ» የሚለው መልእክት ሁለት ሰዎችን ማግኘት አለበት። አንደኛዋ ጋያን ከእናቷ የወረሰች፣ አማርኛ ብዙም የማትሰማ የገጠር እናት ናት። ሁለተኛው ሲጋራን በግሮሰሪና በጫት ቤት የለመደ የከተማ ነጋዴ፣ ሹፌር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለሁለቱ የሚነገረው ቃልም ሆነ የሚነገርበት ቋንቋ አንድ ሊሆን አይችልም።

ፈቃድ ብቻ ለምን አይበቃም?

የማያጨስ ሰው ብዙ ጊዜ «ካልፈለገ ለምን አይተወውም?» ይላል። ጥያቄው ትክክል ይመስላል፤ የሚረሳው ግን የኒኮቲንን አሠራር ነው። የተሳበ ጭስ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያም ደስታና እርካታ የሚፈጥረው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል። አንጎል ይህን ሲለምድ ኒኮቲን የሚቀበሉት ሕዋሳት ክፍሎች ይበዛሉ። ከዚያ በኋላ ሰውየው የሚያጨሰው ለመደሰት ሳይሆን ጤነኛ ለመሆን ይመስለዋል፤ ሳያጨስ ሲቀር ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ ይርበዋል።

ይህ የሱስ መልቀቂያ ስቃይ በጣም የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። ከዚያ እየቀለለ ሄዶ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግባል። አንድ ጊዜ የሚነሳው የማጨስ አምሮትም እንደሚታሰበው ቀኑን ሙሉ አይቆይም፤ በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል። ይህን የማያውቅ ሰው በሁለተኛው ቀን «እንዲህ ሆኜማ አልኖርም» ብሎ ይመለሳል። የሚያውቅ ሰው ግን ከባዱ ዳገት አጭር መሆኑን ስለሚረዳ ይታገሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ያለ ምንም ድጋፍ ከሚደረጉ የማቆም ሙከራዎች የሚሳካው 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የባለሙያ ምክርና ውጤታማነታቸው የተረጋገጠ መድኃኒቶች ሲታከሉበት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ባወጣው መመሪያ በዓለም ካሉት 1.25 ቢሊዮን የትምባሆ ተጠቃሚዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ማቆም እንደሚፈልጉ፣ ከተጠቃሚዎቹ 70 በመቶው ግን ውጤታማ እርዳታ እንደማያገኙ ገልጿል። ችግሩ የፈቃድ ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቁጥር የለም።

ሌላም መታረም ያለበት አስተሳሰብ አለ። በአካባቢያችን ብዙ ሰው በቀን አንድ ፓኮ አይጨርስም። ሦስት አራት ፍሬ የሚያጨስ ሰው ራሱን ከአጫሾች አይቆጥርም፤ «እኔ እኮ አንዳንዴ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ሰፊ ትንታኔ ግን በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ከሚሸከመው ተጨማሪ የልብ በሽታ አደጋ ግማሽ ገደማውን እንደሚሸከም አሳይቷል። መቀነስ መልካም ጅምር ነው፤ ልብን የሚያድነው ግን ማቆም ነው።

ክልከላ ያለ እርዳታ

የሀዲያና የከምባታ ብዙ ቤተሰብ ልጅ ወይም ወንድም ደቡብ አፍሪካ አለው። ስለዚህ እዚያ የሆነውን ማንሳት ሩቅ አገር መሄድ አይሆንም። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲጋራ ሽያጭን ሙሉ በሙሉ አገደ። እገዳው የተነሳው በዚያው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር።

ሱቅ ሲዘጋ አጫሹ ያቆማል የሚል ግምት ካለ፣ እውነታው እንደዚያ አልሆነም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያው ወቅት ባደረጉት ጥናት፣ ያቆሙ ሰዎች ቢኖሩም አብዛኞቹ አጫሾች ከወትሮው እጅግ በተወደደ ዋጋ በድብቅ እየገዙ ቀጥለዋል። ሲጋራው ከመደርደሪያው ተነሳ፤ ሱሱ ግን ከሰውየው አልተነሳም። ለኛ አገር ያለው ትምህርት ግልጽ ነው። መከልከል ከመርዳት ጋር ካልተጣመረ አጫሹን ወደ ጓሮ ይገፋዋል እንጂ ከሲጋራው አያላቅቀውም። የመንግሥት አዋጅም ሆነ የማኅበረሰብ ነውር በዚህ ረገድ አንድ ናቸው።

በቋንቋውና በቤተሰቡ በኩል

ታዲያ እርዳታው ምን መምሰል አለበት? እዚህ ላይ የአሜሪካ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ታሪክ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አገሪቱ ለአጫሾች ያዘጋጀችው ምክርም፣ መጽሐፍም፣ ቀጠሮም በአብዛኛው በእንግሊዝኛና ለነጮች አኗኗር የተሠራ ነበር። ከላቲን አሜሪካ የመጡትና ልጆቻቸው በዚህ ብዙም አልተጠቀሙም። ብዙዎቹ በቀን ጥቂት ፍሬ የሚያጨሱ ስለነበሩ ሐኪም እንኳ «አቁም» ብሎ የሚመክራቸው ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ነበር።

በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ኤሊሴዎ ፔሬስ ስታብልና የሥራ ባልደረቦቻቸው የእንግሊዝኛውን ቡክሌት ተርጉመው ከማደል ይልቅ በቅድሚያ ሰዎቹን ጠየቁ። «ለምን ታጨሳላችሁ? ብታቆሙ ምን ያሳስባችኋል? ምንስ ያስደስታችኋል?» አሏቸው። መልሱ ከነጮቹ የተለየ ሆነ። ነጮቹ አጫሾች ይበልጥ የሚያሳስባቸው ሲያቆሙ የሚገጥማቸው የሱስ ስቃይ ነበር። ላቲኖዎቹ ግን ይበልጥ የሚያስቡት ጭሱ በቤተሰባቸው ጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት፣ ለልጆቻቸው ስለሚሰጡት መጥፎ ምሳሌና ስለ አፋቸው ጠረን ነበር።

ከዚያ በኋላ የተዘጋጀው የስፓኒሽ መመሪያም ሆነ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መልእክት በዚህ ላይ ተመሠረተ። ስለ ሳንባ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጅና ስለ ቤት ተናገረ፤ ካቆሙ ጎረቤቶች አፍ ተነገረ። ዛሬ በአሜሪካ ማጨስ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች በስፓኒሽ የሚደውሉበት ነጻ የስልክ መስመር አለ፤ ቻይንኛ፣ ኮሪያኛና ቬትናምኛ ለሚናገሩም እንዲሁ።

ይህን ወደ ሀደሮ ስናመጣው ትርጉሙ ከባድ አይደለም። ከወላይታ በሚዋሰነው በዚህ የከምባታ ክፍል ከምባትኛ ይነገራል፤ ዶንጋዎች አሉ፤ ሀዲይኛም ወላይትኛም የሚሰማ ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ታትሞ የመጣ የአማርኛ ፖስተር ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አንባቢው ጥቂት ነው። ቤተሰብ ግን እዚህም እንደዚያው ኃይለኛ ነው። የሳንባ ካንሰር ከሃያ ዓመት በኋላ ይመጣል ቢባል የማይደነግጥ አባት፣ ልጁ መተርኮሻውን አንስቶ እሱን ሲያስመስል ቢያይ ይደነግጣል። በምክሩ የሚነካው ክር ይህ ነው።

ማቆም ለሚፈልግ ሰው

የሚከተሉት ነጥቦች በብዙ አገር የተፈተኑ ናቸው፤ ወደ እኛ ኑሮ ሲመለሱ እንዲህ ይመስላሉ።

ቀን መቁረጥ። «አንድ ቀን አቆማለሁ» የሚለው ቀን አይመጣም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ አንድ ቀን መምረጥ ይሻላል፤ ለጾመኛ ሰው የጾም መያዣ፣ ለሌላውም ከፍ ያለ ትርጉም ያለው ዕለት ሊሆን ይችላል። በዋዜማው የቀረውን ሲጋራ፣ ላይተሩንና መተርኮሻውን ከቤትና ከኪስ ማስወጣት ያስፈልጋል።

ለአንድ ሰው መንገር። ሁሉም እንዲያውቅ አያስፈልግም። የሚታመን አንድ ሰው ግን ይበቃል፤ ሚስት፣ ወንድም፣ የሥራ ባልደረባ። ተደብቆ የሚያቆም ሰው ተደብቆ ለመመለስም ይቀለዋል።

የሚቀሰቅሰውን ለይቶ ማወቅ። ብዙ ኢትዮጵያዊ አጫሽ ሲጋራውን የሚያገናኘው ከጫት፣ ከቢራና ከቡና ጋር ነው። በተለይ ጫትና ሲጋራ መንትያ ሆነዋል። ጫቱን ሳይነኩ ሲጋራውን ብቻ ለመተው የሚሞክሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰናከሉት እዚያው ምርቃና ላይ ነው። ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር ከጫት ቤቱም ከግሮሰሪውም መራቅ ግማሽ መንገድ ነው።

ቡና መቀነስ። ይህን ጥቂቶች ብቻ ያውቁታል። የሲጋራ ጭስ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ሰው ማጨስ ሲያቆም በዚያው ሦስት ስኒ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በደሙ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ልቡ ቢመታ፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ቢያጣ «ሲጋራ አጥቼ ነው» ይላል፤ ከፊሉ ግን ቡናው ነው። ቡናውን ወደ ግማሽ ማውረድ ብቻ ብዙ ያቀላል።

እጅንና አፍን ማስያዝ። አምሮቱ ሲነሳ ጥቂት ደቂቃ ማዘግየት፣ ውኃ መጠጣት፣ መንቀሳቀስ፣ ቆሎ መቆርጠም ይረዳል። ሀደሮ የዝንጅብል አገር ናት፤ ቁራጭ ዝንጅብል ማኘክ አፍን ያቃጥላል፣ አምሮቱንም ያዘናጋል። መድኃኒት አይደለም፤ እስኪያልፍ ድረስ ጊዜ መግዣ ነው።

መድኃኒት መጠየቅ። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ሰውነት ኒኮቲንን ያለ ጭስ በመጠኑ እንዲያገኝና ቀስ በቀስ እንዲለየው ያደርጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን እ.ኤ.አ. በ2009 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የሚባሉት እንክብሎች ደግሞ በ2021 ተጨምረዋል። እነዚህ መድኃኒቶች በየከተማው ሁልጊዜ ላይገኙ ይችላሉ፤ እንክብሎቹም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ አይደሉም። ለምሳሌ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቡፕሮፒዮን ሊወስድ አይገባም። ሱሱ የጠናበት ወይም ጫትና መጠጥ የተደራረቡበት ሰው ሆሳዕና በሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪም ቢያማክር፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ቢጠይቅ አያፍርበትም።

ሲወድቁ መነሳት። አንድ ፍሬ ማጨስ «አበቃልኝ» ማለት አይደለም። ለዘለቄታው ያቆሙ ብዙ ሰዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክረዋል። ዋናው ቁም ነገር የወደቁበትን ቦታና ሰዓት አስታውሶ በሚቀጥለው ሙከራ መዘጋጀት ነው።

ጤና ጣቢያውና ቤተ ክርስቲያኑ

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከተጫነ ይከብዳል። ደግነቱ በአካባቢው የሚሠሩ ሁለት ትልልቅ መዋቅሮች አሉ።

አንዱ የጤናው ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ባለሙያዎችን በየቀበሌው መድቧል። በቋንቋው ይናገራሉ፣ በየቤቱ ይገባሉ፣ ጋያ የምታጨሰውን እናትም በስሟ ያውቋታል። የሚያስፈልጋቸው አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ አምስት ነገር ነው። ትምባሆ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ አቁም ብሎ በግልጽ መምከር፣ ለማቆም ዝግጁ መሆኑን መመዘን፣ ቀን አስቆርጦ ማገዝ፣ ከዚያም ተመልሶ መከታተል። ይህ በሦስትና በአራት ደቂቃ ሊሠራ የሚችል ነው። በተለይ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ክፍል ይህን ጥያቄ ፈጽሞ መዝለል የለበትም። ማጨስ በነቀርሳ የመያዝን አደጋ ከእጥፍ በላይ ያሳድጋል፤ የታከመውም እንዲመለስበት ያደርጋል። ነቀርሳ ታማሚው ለወራት ወደ ጤና ጣቢያ ስለሚመላለስ እሱን ለመከታተል ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ አይገኝም።

ሲጠየቅ ግን አጠያየቁ ወሳኝ ነው። በሰው ፊት ጮክ ተብሎ «ታጨሳለህ?» ቢባል የሚያጨሰውም «ኧረ በጭራሽ» ይላል። ለብቻው፣ እንደ ደም ግፊትና እንደ ስኳር ጥያቄ በተለመደ ድምፅ ከተጠየቀ ግን እውነቱን የሚናገርበት ዕድል ይሰፋል።

ሁለተኛው መዋቅር የእምነት ተቋማት ናቸው። የሚያጨስ አባልን ማገድ የቤተ እምነቱ ሥርዓት ነው፤ ያንን ለመለወጥ የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ከእገዳው በፊትና በእገዳው ወቅት የሚሠራ ሌላ ሥራ አለ። ላቆም የሚል ሰው በሚስጥር የሚቀርበው፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አብሮት የሚውል፣ በአራተኛው ሳምንት «እንዴት ነህ?» የሚለው አንድ ሽማግሌ ወይም ዲያቆን ቢመደብለት ባለሙያዎች የሚያልሙት ክትትል በነጻ ተገኘ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኅብረት ያለው ማኅበረሰብ በዓለም ብዙ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮዎቹ በገንዘብ ሊገነቡት የደከሙበትን ሀደሮ በእጇ ይዛዋለች።

ሕጉና ገበያው

ጉዳዩ የግል ብቻ እንዳይመስል ገበያውንም መመልከት ያስፈልጋል። የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በቀጣዩ ዓመት 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ። ማንም ነጋዴ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው 5 በመቶ ለሚሆነው የዛሬ ተጠቃሚ ብቻ ብሎ አይደለም፤ የነገውን ወጣት አስቦ ነው።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ነው። በዝግ የሥራ ቦታዎችና ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎች ማጨስን፣ ማናቸውንም የትምባሆ ማስታወቂያ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ይከለክላል። ከፓኮው ገጽ 70 በመቶው በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ እንዲይዝም ያዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በበኩሉ በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በተጨማሪ በየፓኮው 8 ብር ጣለ።

ሕጉ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የግሮሰሪውና የምግብ ቤቱ ባለቤት ድርሻ አለው፤ «እዚህ አይጨስም» ብሎ የሚጽፍ ቤት ለማያጨሰው አየሩን ይጠብቅለታል፤ ሊያቆም ለሚታገለውም ቀስቃሹን ያርቅለታል። ታክሱም እንዲሁ ነው። ዋጋ ሲጨምር ሊያቆም የሚያስብ ይበዛል። ያን ጊዜ የሚቀበለው ሰው ካላገኘ ግን፣ የደቡብ አፍሪካው ታሪክ እንዳሳየን፣ በውድ ዋጋ ማጨሱን ይቀጥላል።

ሰውነት ምሕረት ያደርጋል

ለማቆም የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ «አንዴ ተበላሽቻለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። ሰውነት ግን እንደ ሰው ቂመኛ አይደለም። የመጨረሻው ሲጋራ ከተጠፋ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምትና የደም ግፊት መውረድ ይጀምራሉ። በ12 ሰዓታት ውስጥ በደም ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማ መጠኑ ይመለሳል። ከሁለት እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የደም ዝውውር ይሻሻላል፤ ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩም በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንድ ዓመት በማጨስ ምክንያት የመጣው ተጨማሪ የልብ በሽታ አደጋ በግማሽ ይቀንሳል። በ10 ዓመት ደግሞ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድል ማጨሱን ከቀጠለው ሰው ግማሽ ያህል ይሆናል። በ60 ዓመቱ ያቆመም ሰው ዕድሜ ያተርፋል።

ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በዓለም ይገድላል። ከምባታና ሀዲያ ከዚህ ቁጥር የሚያዋጡት ትንሽ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የአንድ ቤት አባወራ ወይም እማወራ ነው። አካባቢው ከሌላው የሚለይበት ጸጋ አለው፤ አጫሹ ጥቂት ነው፣ ቤተሰቡ የተሳሰረ ነው፣ ኅብረቱ ጠንካራ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ከጓሮው ወጥቶ «ሊያሸንፈኝ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ «አንተም?» ከማለት ይልቅ «ና ተቀመጥ፤ ከመቼ እንጀምር?» የሚል አፍ ያስፈልጋል።